ለረጅም የመርከብ ጉዞ የልብስ ዝግጅትና አጠባ

በመዝናኛ መርከብ ለረጅም ጊዜ ለመጓዝ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስንት ልብስ እንደሚበቃው ነው። ከዚያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን ልብሱ በመርከቡ ላይ የት፣ በማንና በስንት ቀን አንድ ጊዜ እንደሚታጠብ ነው። ይህ ከታወቀ የሻንጣው ነገር ብዙ አያከራክርም። ጉዞው ሁለት ሳምንትም ይሁን ሦስት ወር፣ ለስምንት ቀን ከሚበቃ ልብስ በላይ መያዝ አያስፈልግም፤ ከስምንት ቀን በኋላ ያለውን ጊዜ የሚሸከመው አጠባው ነው።

ይህ ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ተጓዥ ይበልጥ ይጠቅማል። እንዲህ ያለውን ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚያዘጋጁት በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ናቸው፤ ወላጆች ከቦሌ ተነሥተው ልጆቻቸው ዘንድ ከደረሱ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ወደ ወደብ ይሄዳል። ስለዚህ ከቤት የሚወጣው ሻንጣ ከእናትየው ልብስ ሌላ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹንና ለልጅ ልጆች የተገዛውን የአገር ልብስ ጭምር ይይዛል። አየር መንገዶች በኢኮኖሚ ማዕረግ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት በአብዛኛው 23 ኪሎ በመሆኑ፣ ሁለት ሻንጣ የተፈቀደለት ሰው አንዱን ለስንቅና ለስጦታ፣ አንዱን ለልብስ መመደብ ይኖርበታል። በርበሬና ነጠላ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም። በርበሬው በሦስት ፌስታል ቢጠቀለል እንኳ ሻንጣው ሲወረወር ከጥጉ ሊቀደድ ይችላል፤ በነጭ ፈትል ላይ የተበተነ የበርበሬ ብናኝም ደረቅ ሳለ ካልተራገፈ ውሃ ሲነካው ቀለሙን ይለቅበታል። የስንቁ ሻንጣ ልጆቹ ቤት ይቀራል፤ መርከብ ላይ የሚወጣው የልብሱ ብቻ ነው።

ስለ መርከቡ አስቀድሞ መጠየቅ

የመርከብ ኩባንያዎች በልብስ አጠባ ረገድ በጣም ይለያያሉ። በኩናርድ መርከቦች መንገደኛው ራሱ ገብቶ የሚያጥብበት፣ ማጠቢያና ማድረቂያ ማሽን እንዲሁም ካውያ ያለበት ክፍል አለ፤ ክፍያም አይጠየቅበትም። ፕሪንሰስና ካርኒቫልም እንዲህ ያለ ክፍል አላቸው፣ ማሽኑን ለመጠቀም ግን ይከፈላል። ሮያል ካሪቢያንና ሰለብሪቲ በአንጻሩ መንገደኛ የሚገባበት ማጠቢያ ስለሌላቸው፣ እዚያ ያለው ምርጫ ለመርከቡ ላውንደሪ በክፍያ መስጠት ወይም በክፍል ውስጥ በእጅ ማጠብ ነው። ቲኬቱን የቆረጡትን ልጆችዎን ወይም የጉዞ ወኪሉን የመርከቡን ስም ጠይቀው፣ በዚያ በተባለው መርከብ ላይ ማጠቢያ ክፍል መኖሩን፣ የላውንደሪውን ዋጋ እና የክብር ልብስ የሚለበስባቸው ምሽቶች ስንት እንደሆኑ እንዲያጣሩልዎ ያድርጉ። የአንድ ኩባንያ መርከቦች እንኳ እርስ በርስ ይለያያሉና በኩባንያው ስም ብቻ መርካት አይገባም።

የተከለከሉትንም ማወቅ ያስፈልጋል። ካውያና የእንፋሎት መተኮሻ በእሳት አደጋ ምክንያት በአብዛኞቹ መርከቦች ላይ በመንገደኛ ክፍል ውስጥ አይፈቀዱም፤ በፍተሻ ላይ ከተገኙ ተወስደው የሚመለሱት ጉዞው ሲያበቃ ነው። ሻማና ዕጣንም እንዲሁ የተከለከሉ ናቸው። ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል፤ ልብሳቸውን ማጠን የለመዱ እናት ማጨሻቸውንና ዕጣናቸውን ከሻንጣው ሥር ቢያስገቡ ማንም አይደነቅምና። ልብሱን በደንብ ከደረቀ በኋላ ቤት ሳሉ አጥነው ማጠፍ ይቻላል፤ ሻንጣው ሳይከፈት እስከቆየ ድረስ መዓዛው ለብዙ ቀን ይቆያል። ማጨሻው ግን ቤት ይቅር።

ምን ይያዛል

ልብስ ሲመረጥ ዋናው መለኪያ ምን ያህል ቶሎ ይደርቃል የሚለው ነው። ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ ሳለ እንኳ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል እርጥበት በውስጡ ይይዛል፤ ፖሊስተር የሚይዘው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። ለዚህ ነው ማታ የታጠበ ስስ የፖሊስተር ሸሚዝ ጠዋት ደርቆ ሲገኝ፣ ወፍራም የጥጥ ሹራብ ሁለት ሌሊት አልፎትም ብብቱ ሥር ርጥብ ሆኖ የሚቆየው። ጂንስ ሱሪ ከባድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ አይደርቅም፤ ከተያዘም በአውሮፕላን ላይ የሚለበሰው አንድ ብቻ ይሁን። ጋቢም ድርብርብ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከታጠበ በመርከብ ክፍል ውስጥ ይደርቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የመርከቡ የአየር ማቀዝቀዣ ለሚበርዳቸው ሰዎች በጋቢ ፋንታ ስስ ሹራብና ነጠላ በቂ ነው።

ስምንት የውስጥ ልብስ፣ ስድስት ጥንድ ካልሲ፣ አምስት ወይም ስድስት የላይ ልብስ፣ ሦስት ሱሪ ወይም ጉርድ፣ አንድ ሹራብ፣ አንድ ውሃ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ ሁለት የዋና ልብስ፣ ለክብር ምሽት አንድ ሙሉ ልብስ ወይም አንድ የሐበሻ ቀሚስ፣ እና ሦስት ጥንድ ጫማ ለማንኛውም የጉዞ ርዝመት ይበቃሉ። የዋና ልብስ ሁለት የሚሆነው አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ለመልበስ ነው። ቀለማቸው እርስ በርስ የሚስማማ ይሁን፤ አንድ ጉርድ ከሦስት ሸሚዝ ጋር የማይሄድ ከሆነ ሻንጣው ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ወደ ካሪቢያን ለሚሄዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በባርቤዶስ፣ በጃማይካ፣ በትሪኒዳድና ቶቤጎ ሲቪል ሰው የወታደር ዝንጉርጉር ልብስ መልበሱ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ የልጅ ሱሪ ወይም ኮፍያም ቢሆን ከሻንጣው ይውጣ። ወደ ሮም ለሚሄዱ ደግሞ ነጠላ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። በመርከብ ጉዞ ዝርዝር ላይ ሮም ተብሎ የሚጻፈው ወደብ ቺቪታቬኪያ ሲሆን ከከተማዋ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በሙቀት ቀን ስስ ልብስ ለብሶ የወጣ ሰው ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሲደርስ ትከሻውና ጉልበቱ ካልተሸፈነ አይገባም። ወደ መርከቡ ተመልሶ ልብስ መቀየር ስለማይቻል፣ ታጥፋ በእጅ ቦርሳ የገባች ነጠላ የቀኑን ጉብኝት ታድናለች።

ለአጠባው የሚያዙት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። አንድ ሙሉ የልብስ ሳሙና ለሁለት ተቆርጦ፣ ሁለት ሜትር ያህል ቀጭን ገመድ፣ ስምንት ወይም አሥር የልብስ መቆንጠጫ፣ የሚነፋ ወይም ቀጭን የሽቦ መስቀያ ሦስት፣ እና የቆሸሸ ልብስ የሚሰበሰብበት የጨርቅ ከረጢት። ሁሉም መርካቶ በአንድ ጠዋት ይገኛሉ። ድፍን ሳሙና የመረጥኩበት ምክንያት በቂ ነው፤ ፈሳሽ ሳሙና በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም፣ ኦሞ ደግሞ ፌስታሉ ከተቀደደ ልብሱን ሁሉ ያለብሰዋል። በረኪና በጭራሽ አይያዝ። የመርከብ ክፍል ግድግዳ በአብዛኛው ብረት ስለሆነ ማግኔት ያላቸው ማንጠልጠያዎች ቢገኙ ኮፍያና ነጠላ ለመስቀል እጅግ ይመቻሉ፤ ባይገኙም ችግር የለውም።

በክረምት ለሚነሡ

የሜዲትራኒያን የመርከብ ጉዞዎች የሚበዙት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም የእኛን ክረምት ሙሉ በሙሉ ያካትታል። በሐምሌ በአዲስ አበባ መሀል በፎቅ ቤት ለሚኖር ሰው ልብስ ማድረቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚታወቅ ነው፤ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ወጣች ብሎ በረንዳ ላይ ያሰጣው ልብስ ከሰዓት ዝናቡ ይዞት ይገኛል። ስለዚህ ለጉዞው የሚያዙት ልብሶች ከመነሻው ቀን ቢያንስ ከአምስት ቀን በፊት ታጥበው ማለቅ አለባቸው። በእጅ ሲነካ የደረቀ የሚመስል ልብስ በስፌቱ፣ በአንገቱና በወገቡ ላስቲክ ውስጥ እርጥበት ይዞ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ያለ ልብስ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ቀን ከቆየ የሻጋታ ሽታ ያመጣል፤ ሽታውም አጠገቡ ወዳሉት ልብሶች ይዛመታል። ከመታጠፉ በፊት ስፌቱን ጉንጭ ላይ አድርጎ መሞከር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጉንጭ ከእጅ ይልቅ ቅዝቃዜን ቶሎ ይለያል።

ሻንጣው ሲሞላ ቲሸርት፣ የውስጥ ልብስና ሹራብ ተጠቅልለው ከታች፣ ሸሚዝና ቀሚስ ተዘርግተው ከላይ ይሆናሉ፤ ካልሲ በጫማ ውስጥ ይገባል። የሁለት ቀን ልብስ፣ መድኃኒትና ሰነድ ግን በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ውስጥ መሆን አለባቸው። አውሮፕላን በሚቀየርበት ቦታ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ መርከብ ደግሞ ለዘገየ ሻንጣ አይቆምም። ይህ ባይደርስ እንኳ በወደቡ ላይ ለሠራተኞች የተሰጠ ሻንጣ ክፍልዎ በር ላይ የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ከእራት በኋላ ነው። በዚያው ቦርሳ የዋና ልብስ የጨመረ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት በኋላ ሻንጣ ሲጠብቅ አያሳልፍም።

በመርከቡ ላይ ማጠብ

የቆሸሸ ልብስ እስኪቆለል መጠበቅ ትልቁ ስህተት ነው። የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና ስስ ሸሚዝ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ማታ በእጅ ይታጠባሉ፤ ከበድ ያለው በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ማሽን ወይም ወደ ላውንደሪ ይሄዳል። ሁለት ወይም ሦስት ቁራጭ ማጠብ ከእራት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ አሥራ አምስት ቁራጭ ግን ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሰጣበት ቦታ የለውም።

ለእጅ አጠባ የክፍሉ የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ይበቃል። ለብ ያለ ውሃ ሞልተው ሳሙናውን በውሃው ውስጥ በእጅዎ እያሹ አረፋ እስኪያወጣ ያሟሙ፣ ከዚያም ልብሱን ለሩብ ሰዓት ይዘፍዝፉ። የመርከብ ውሃ ብዙው ጨዉ ተለይቶ ከባሕር የሚወጣ በመሆኑ ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል። ቤት እንደለመዱት በብዛት ከተጠቀሙ አረፋው አልለቅ ብሎ ሲያለቀልቁ ያመሻሉ። አንገቱን፣ ብብቱንና እጅጌውን ብቻ ማሸት በቂ ነው፤ በሁለት ውሃ አለቅልቀው አይጠምዝዙት፣ ይጭመቁት እንጂ።

ቀጥሎ ያለው ተግባር ከአጠባው ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ደረቅ ትልቅ ፎጣ አልጋው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ይዘርጉ፤ የታጠበውን ልብስ በላዩ ላይ ሳይታጠፍ ያስተኙት፤ ከዚያ ፎጣውንና ልብሱን አብረው ከአንድ ጫፍ ጀምሮ አጥብቀው ጠቅልለው በጉልበትዎ ከዳር እስከ ዳር ይጫኑት። ፎጣው ሲፈታ ከባድና ርጥብ ሆኖ ያገኙታል፤ ያ ሁሉ ውሃ ከልብሱ የወጣ ነው። የክፍሉ አስተናጋጅ ፎጣ በየጊዜው ስለሚቀይር ርጥቡን ፎጣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መተው ይቻላል።

በብዙ መርከቦች መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከግድግዳው ተስቦ የሚዘረጋ ቀጭን ገመድ አለ፤ ከሌለ የያዙትን ያስሩ። የመታጠቢያ ቤቱ አየር መሳቢያ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ልብሱ ሳይነካካ ተራርቆ ከተሰቀለ ቶሎ ይደርቃል። ካልሲና የውስጥ ልብስ በገመዱ ላይ፣ ሸሚዝ በመስቀያ ላይ ቁልፉ ተዘግቶ ይሁን፤ እንደተሰቀለ ስፌቱንና አንገቱን በእጅ ሳብ ሳብ ካደረጉት ካውያ ብዙም አያስፈልገውም። ከሻንጣ ተጨማድዶ የወጣ ልብስም ሰው ሙቅ ውሃ ሲታጠብ በዚያው መታጠቢያ ቤት ተሰቅሎ ቢቆይ በእንፋሎቱ ይፍታታል።

የክፍሉ በረንዳ ለማስጣት ያጓጓል፣ ነገር ግን የተከለከለ ነው። ንፋሱ ልብሱን ወደ ባሕር ወይም ወደ ሰው በረንዳ ይወስደዋል፤ ከዚህም የከፋው እሳት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር ስታር ፕሪንሰስ በተባለችው መርከብ ላይ ከአንድ በረንዳ የተነሣ እሳት በርካታ ክፍሎችን አቃጥሎ የአንድ መንገደኛ ሕይወት ጠፍቷል፤ መነሻው ሳይጠፋ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭ ሳይሆን እንዳልቀረ በምርመራው ተገልጿል። በረንዳ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ ለእንዲህ ያለ ቁራጭ የተዘጋጀ ማገዶ ነው።

ማሽን ያለበት ክፍል ካለ፣ መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞ ሰዉ ሁሉ ለጉብኝት በወጣበት ቀን ወይም ማለዳ ይሂዱ። ባሕር ላይ በሚዋልበት ቀን ወረፋው ረጅም ነው፤ ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ባለቤቱ ካልተገኘ ሌላው ሰው ልብሱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋልና ሰዓት እያዩ መመለስ ይገባል።

ለላውንደሪ ሲሰጡ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ከረጢትና ቅጽ ይጠቀሙ። ቅጹ ላይ የልብሱ ዓይነትና ብዛት ይሞላል፤ ዋጋው በቁራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይመለሳል። በረጅም ጉዞ አጋማሽ ላይ ብዙ ኩባንያዎች አንድ ከረጢት ሙሉ ልብስ በአንድ ዋጋ ያጥባሉ፤ በቁራጭ ከሚከፈለው እጅግ የሚረክስ ስለሆነ አስተናጋጁን አስቀድሞ መጠየቅ ያዋጣል። ያ ከረጢት ግን ሁሉም በአንድነት በማሽን የሚታጠብበትና የሚደርቅበት በመሆኑ ቲሸርት፣ ካልሲ፣ የውስጥ ልብስና የስፖርት ልብስ ብቻ ይግባበት።

የሐበሻ ልብስ

በክብር ምሽት ወንዶች ሙሉ ልብስና ከረባት፣ ሴቶች ረጅም ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ብዙ ኩባንያዎች በዚህ ፋንታ የአገር ባህል ልብስን ይቀበላሉ። ከሽሮ ሜዳ የተገዛ የሐበሻ ቀሚስ በእነዚህ ምሽቶች ከማንም የማያንስ ልብስ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ደህና ቀሚስ ይዞ ደጋግሞ መልበስ ሦስት መካከለኛ ከመያዝ ይሻላል። ሲታጠፍ ጥለቱ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ በጥልፉና በጨርቁ መካከል ነጭ ንጹሕ ጨርቅ ገብቶበት፣ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል።

ይህ ልብስ ማሽን ውስጥ መግባት የለበትም፤ ማድረቂያው ደግሞ ይበልጥ ይጎዳዋል። በእጅ የተፈተለው ማግ በሙቀት ይሸበሸባል፣ ድሩና ማጉ እኩል ስለማይሰበሰቡም ጠርዙ ይጣመማል። አራት ኪሎ የሚኖሩ አክስቴ ነጠላቸውን የሚያጥቡበት መንገድ ለመርከብም ይሠራል። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ያደርጋሉ፤ ሳሙናው ሟሙቶ ካለቀ በኋላ ጥለቱን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ከውሃው በላይ ይይዙና ነጩን ብቻ በሌላው እጃቸው እየጨበጡ ያጥባሉ። ጥለቱን የሚያስገቡት መጨረሻ ላይ ነው፤ ነክረው ወዲያው ያወጡታል። ለመጭመቅ በቁመቱ አጥፈው በሁለት መዳፋቸው መካከል ከላይ እስከ ታች ይጫኑታል እንጂ አይጠመዝዙትም። ሲያሰጡትም ሁለቱ ጥለቶች እኩል እንዲወርዱ አስተካክለው በጥላ ውስጥ ነው። በመርከብ ላይ የሚለየው ሳፋው የእጅ መታጠቢያ ገንዳ መሆኑና የፎጣው ጥቅልል መጨመሩ ነው። አዲስ ጥለት ከሆነ ከጉዞው በፊት በርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫፉን አሽተው ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን ይሞክሩ።

አንዳንድ ሰው ነጠላን በሳሙና ከማጠብ ይልቅ በእንዶድ ማጠብ ይመርጣል። እንዶድ በእርግጥ የተመሰገነ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለመከላከል ለተደረገው ሰፊ ምርምር መነሻ ሆኗል። ነገር ግን የደረቀ ፍሬ ይዞ ድንበር ማለፍ በየአገሩ የዕፀዋት ቁጥጥር ላይ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ለጉዞ አይሆንም።

ለነጭ ልብስ ትልቁ ጠላት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። በብዙዎቹ ቅባቶች ውስጥ የሚገኘው አቮቤንዞን የሚባለው ንጥረ ነገር ውሃ ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ የዝገት መልክ ያለው እድፍ ይተዋል፤ በረኪና ሲጨመርበት እድፉ ይብሳል። ቅባቱ ተቀብቶ ከቆዳ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ነጠላ አይልበሱ፤ ከነካውም ዕለቱኑ ቦታውን ብቻ በሳሙና ቀስ ብለው አሽተው ያለቅልቁት።

ቀሚሱን ለመርከቡ ላውንደሪ መስጠት ግድ ከሆነ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ እንዲታጠብና ማድረቂያ ውስጥ እንዳይገባ የሚገልጽ ወረቀት በእንግሊዝኛ አጽፈው ከልብሱ ጋር በመርፌ ቁልፍ ያያይዙ፤ አስተናጋጁንም በቃል ይንገሩት። ቅጹ ላይ የሐበሻ ቀሚስ የሚል መደብ ስለማይኖር እንደ ረጅም ቀሚስ ይሞላል።

ከመውረድ በፊት

የመጨረሻው የእጅ አጠባ ከመውረጃው ቀን ሦስት ሌሊት ቀድሞ ይሁን፤ ሻንጣው ውስጥ የሚገባው ልብስ ሁሉ የደረቀ መሆን አለበት። በመጨረሻው ማታ መርከቡ ሻንጣዎችን ከእኩለ ሌሊት በፊት ከበር ላይ ይሰበስባል። ሁሉንም ሰብስበው አስረክበው ጠዋት የሌሊት ልብስ ብቻ ይዘው የተገኙ መንገደኞች አሉና፣ የማግስቱን ልብስ ከውስጥ ልብሱና ከካልሲው ጋር ወንበር ላይ፣ ጫማውን ከወንበሩ ሥር ካስቀመጡ በኋላ ብቻ ሻንጣውን ይዝጉ። የቆሸሸው ልብስ በጨርቅ ከረጢቱ ታስሮ ከአንዱ ወገን፣ ንጹሑ ከሌላው ወገን ይሁን። የሐበሻ ቀሚሱ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይያዝ፤ ሌላው ልብስ ቢጠፋ ይተካል፣ እሱን ለማሠራት ግን ሸማኔ ዘንድ ወራት መጠበቅ ይኖራል።